«ክፍት» የተባለ የቋንቋ ሞዴል ምን ያህል ክፍት እንደሆነ እንዴት ይጣራል?

የሰው ሠራሽ አስተውሎት የቋንቋ ሞዴል መርጦ ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው «ክፍት» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በሥሩ አራት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ሞዴሉ በሥልጠና ያካበታቸው ዌይት የሚባሉ ቁጥሮች፣ የሠለጠነበት ኮድ፣ የሠለጠነበት ዳታ እና የአጠቃቀም ፈቃዱ ናቸው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ዌይቱን ይለቁና ዳታውን ይቆልፋሉ፤ ፈቃዱንም በቅድመ ሁኔታ ያጥሩታል። ስለዚህ አንድ ሞዴል ክፍት ነው ሲባል አራቱን ነጥለው እያንዳንዱን በየራሱ ሰነድ ያጣሩ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፈቃዱ መጀመር ይሻላል፤ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ውሳኔው እዚያው ያልቃል። የማስታወቂያውን ገጽ ትተው ከሞዴሉ ፋይሎች ጋር የተቀመጠውን የፈቃድ ሰነድ ይክፈቱ። አፓቺ 2.0 ወይም ኤምአይቲ የሚል ካገኙ ሞዴሉን ለንግድ መጠቀም፣ መለወጥና መልሶ ማሰራጨት ይችላሉ። በ2023 የወጣው ሚስትራል 7ቢ በመጀመሪያው፣ በጃንዋሪ 2025 የወጣው ዲፕሲክ አር1 ደግሞ በሁለተኛው ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ፈቃዱን ኩባንያው ራሱ የጻፈው ከሆነ ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው። የሜታ ላማ 2 ፈቃድ ጥሩ ማሳያ ነው። ሞዴሉ በወጣበት ወቅት ከ700 ሚሊዮን በላይ ወርኃዊ ተጠቃሚ የነበረው ድርጅት ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል፤ ይህ የሚነካው ጥቂት ግዙፍ ተፎካካሪዎችን ብቻ ስለሆነ አብዛኛው አንባቢ በሰላም ሊያልፈው ይችላል። ሌላው አንቀጽ ግን ትንሹንም ሰው ይነካ ነበር፤ የሞዴሉን መልሶች ሌላ የቋንቋ ሞዴል ለማሻሻል መጠቀምን ይከለክላልና። በጁላይ 2024 ከወጣው ላማ 3.1 ጀምሮ ይህ ክልከላ ተነሥቶ፣ በመልሶቹ ሠልጥኖ የሚሰራጭ ሞዴል ስሙ «ላማ» ብሎ እንዲጀምር የሚጠይቅ ግዴታ ተተካበት። እንግዲህ ባለፈው ዕትም ያነበቡት ፈቃድ ለአዲሱ ዕትም ማስረጃ አይሆንም።

ዌይቱ መለቀቁ ትልቅ ነገር ነው። ሞዴሉን በራስዎ ማሽን ስለሚያስኬዱት ሰነድዎ ከእጅዎ አይወጣም፤ ሞዴሉም እርስዎ ሳይቀይሩት አይቀየርም። ማሽንዎ ይችለው እንደሆነ ለማወቅ የፓራሜትሮቹን፣ ማለትም የዌይቶቹን፣ ብዛት አንዱ ፓራሜትር በሚይዘው ባይት ያባዙ። 7 ቢሊዮን ፓራሜትር በ16 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዱ በ2 ባይት፣ 14 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ይፈልጋል፤ ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ጥራቱ በመጠኑ ይቀንሳል። ለረጅም ጽሑፍ የሚያስፈልገው ቦታ በዚህ ላይ ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለብዙ ክፍል በሆኑት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከፊላቸው ብቻ በሚሠራ ሞዴሎች ላይ ነው፦ ዲፕሲክ አር1 ለእያንዳንዱ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፍልበት ቁራጭ) የሚያንቀሳቅሰው 37 ቢሊዮን ፓራሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ማህደረ ትውስታ ላይ መቀመጥ ያለበት ግን 671 ቢሊዮኑ በሙሉ ነው። ትንሹ ቁጥር ፍጥነቱን እንጂ ስፋቱን አይነግርዎትም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ፒክል በሚባለው ቅርጽ የተቀመጠ ፋይል ሲከፈት በውስጡ የተደበቀ ኮድ ሊያስኬድ ስለሚችል፣ ሴፍቴንሰርስ የሚባለውን ቅርጽ ይምረጡ።

ጨለማው የሚበረታው ዳታው ላይ ነው። ኦፕንኤአይ በ2020 ስለ ጂፒቲ-3 ባወጣው ጽሑፍ ሞዴሉ 175 ቢሊዮን ፓራሜትር እንዳለውና ከየትኞቹ የጽሑፍ ስብስቦች እንደሠለጠነ ገልጾ ነበር። በማርች 2023 የጂፒቲ-4 ቴክኒካዊ ሪፖርት ሲወጣ ግን መጠኑም፣ የሥልጠናው ማሽንም፣ የዳታው አዘገጃጀትም ቀርቷል፤ በምክንያትነት የተጠቀሱት ፉክክርና ደኅንነት ናቸው። ዌይት የሚለቁትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የመጀመሪያው ላማ በፌብሩዋሪ 2023 ሲወጣ የዳታውን ምንጮች ከነድርሻቸው በሠንጠረዥ አስፍሮ ነበር፤ 67 በመቶው ከድረ ገጾች ከተሰበሰበው ኮመን ክሮል፣ 4.5 በመቶው ከዊኪፔዲያ፣ ሌላውም በዚያው መልክ ተዘርዝሯል። ከአምስት ወር በኋላ የወጣው የላማ 2 ሪፖርት ግን ምንጮቹን ሳይዘረዝር በይፋ የሚገኙ ናቸው ብሎ አልፏል። ስለዚህ ሪፖርቱን ሲከፍቱ በቀጥታ ወደ ዳታው ክፍል ይሂዱና የምንጭ ስምና ድርሻ መኖሩን ይመልከቱ። «በይፋ ከሚገኙ ምንጮች» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ዳታውን ዝግ ብለው ይመዝግቡት።

ይህ ለተመራማሪ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ሞዴሎች የሚወዳደሩበትን የፈተና ውጤት ያስብ። የመለኪያ ፈተናው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በሥልጠናው ዳታ ውስጥ ከነበሩ ውጤቱ ሽምደዳ ነው፤ ዳታው ካልተገለጠ ደግሞ ይህን ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። የኤሉተርኤአይ ፒቲያ እና የአለን ኢንስቲትዩት ኦልሞ የተባሉት ሞዴሎች ዳታቸውንና በሥልጠና መሐል የተቀመጡትን ዌይቶች ጭምር ስላወጡ፣ አንድ ጥያቄ በዳታው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ራስዎ ፈልገው ማረጋገጥ ይችላሉ። በችሎታ ከትልልቆቹ ዝግ ሞዴሎች ያነሱ መሆናቸው አይካድም።

ራስዎ ሁሉንም ማንበብ ካልቻሉ ሌሎች የሠሩትን ይጠቀሙ። በኦክቶበር 2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 10 ኩባንያዎችን በ100 የግልጽነት መስፈርቶች ሲመዝኑ ከፍተኛው ውጤት 54 ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ሕግም አጠቃላይ አገልግሎት ያላቸው ሞዴሎች አቅራቢዎች ከኦገስት 2 ቀን 2025 ጀምሮ የሥልጠና ይዘታቸውን ማጠቃለያ እንዲያወጡ ይገደዳሉ፤ ከዚያ ቀን በፊት ለወጡት እስከ ኦገስት 2027 ጊዜ ተሰጥቷል። ግዴታው ክፍት የተባሉትንም ይመለከታል፤ ማጠቃለያውን ፈልገው ያንብቡ።

የደረጃ ሰንጠረዦችን ሲያዩ የተፈተነው ዕትምና እርስዎ የሚያወርዱት ዕትም አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በኤፕሪል 2025 ሜታ ተጠቃሚዎች የሞዴሎችን መልስ በድምፅ ለሚያወዳድሩበት የታወቀ መድረክ ያቀረበው የላማ 4 ማቭሪክ ዕትም ለውይይት የተቃኘ የሙከራ ዕትም እንጂ ለሕዝብ የተለቀቀው እንዳልነበረ ታውቆ ብዙ አነጋግሯል። ይልቅ ከራስዎ ሥራ የተወሰዱ 50 ያህል ጥያቄዎችን ከትክክለኛ መልሳቸው ጋር ያዘጋጁና የትም ቦታ ሳይለጥፉ ይያዟቸው። በሚሠሩበት ቋንቋ መሆን አለባቸው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ኮድ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ብዙ ሞዴሎች አንዱን ቃል ወደ በርካታ ቶክን ይቆራርጡታል፤ ክፍያውም የሚሰላው በቶክን ነው።

ዝግ ሞዴል መጠቀም ነውር አይደለም፤ ለከባድ ሥራ እኔም እጠቀማለሁ። ነገር ግን ከሰነዶች ቀንና መጠን ለቅሞ በሠንጠረዥ የሚያወጣ ሥራ በአንዱ ላይ ገንብቼ ሳለ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሠንጠረዡ ከላዩ የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር ታክሎበት መጣና ተቀባዩ ፕሮግራም ቆመ። የጠራሁት ስም ያው ነበር፤ ከስሙ ጀርባ ያለው ሞዴል ግን ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቀን የተለጠፈበትን የዕትም ስም እጠራለሁ፣ አገልግሎቱ የሚቋረጥበትን ቀን እመዘግባለሁ፣ 50ዎቹንም ጥያቄዎች በየወሩ መልሼ አስኬዳለሁ። ብዙ የክፍት ሞዴል ማስኬጃዎች የታወቁትን ዝግ አገልግሎቶች የኤፒአይ (ፕሮግራም ሞዴሉን የሚጠራበት መንገድ) አጠራር ስለሚቀበሉ፣ የሞዴሉን ስምና አድራሻ በኮዱ ውስጥ ከመበተን በአንድ የቅንብር ፋይል ማስቀመጥ ይበጃል፤ መቀየር ሲያስፈልግ ሁለት መስመር ማስተካከል ይበቃል።

ፉክክሩ ራሱ የኩባንያዎቹን አቋም ይለዋውጣል። ኦፕንኤአይ ከ2019ኙ ጂፒቲ-2 በኋላ የቋንቋ ሞዴል ዌይት ሳይለቅ ቆይቶ፣ በኦገስት 2025 ጂፒቲ-ኦኤስኤስን በሁለት መጠን በአፓቺ 2.0 አውጥቷል። መጀመሪያ በጠቀስናቸው አራት ነገሮች ሲታይ ፈቃዱ ክፍት፣ ዌይቱም ክፍት ነው፤ ከኮዱ የተሰጠው ማስኬጃው ሲሆን የሥልጠናው ኮድና ዳታ ግን አልወጡም። ያጣሩትን ሞዴል ሁሉ በዚሁ መልክ ካጣሩበት ቀን ጋር ይመዝግቡ፤ የፈቃዱንም ቅጂ ካወረዱት ዌይት ጋር በአንድ ማህደር ያስቀምጡ፤ ገጹ ነገ ሊቀየር ይችላልና።