በግ፣ ላም፣ ዶሮና ንብ ሲያረቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምርጡን ጠቦት ለበዓል ገበያ ማውጣት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከዚህ የከፋ የእርባታ ስህተት የለም እላለሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ቶሎ ያደገው፣ ላቱ የሞላው ወንድ ተመርጦ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ መሐል ሜዳ ይነዳል። ቤት የሚቀረው ገዢ ያጣው ቀጫጫ ነው፤ የከርሞ ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል። ሴቷ በግ 5 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች። አውራው ግን በአንድ ዓመት ብዙ ግልገል ስለሚያስወልድ የመንጋውን መልክ የሚለውጠው እሱ ነው። የመንዝ በግ ውርጩንና የግጦሽ እጥረቱን የቻለ ዘር ነው፤ በየበዓሉ ምርጥ ምርጡን እየሸጥን ማሳነሳችን ያስቆጫል። ገንዘቡ ግድ ካልዎት ከጎረቤት ጋር ተመካክረው አንድ ጥሩ አውራ በጋራ ያቆዩ። ደካማዎቹን ወንዶች በጊዜ ያሙክቱ፤ አለዚያ ወል ግጦሽ ላይ ከጥሩው አውራ ቀድመው ሴቶቹ ላይ ይወጣሉ። የተመረጠውም አውራ ቢሆን ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ከመድረሳቸው በፊት ይለወጥ፤ አባት ከልጁ ሲገናኝ ደካማ ግልገል ይበዛል።

የላምን ፍላጎት ለነገ ማሳደር። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷም አንድ ቀን እንኳ ላይቆይ ይችላል። መጮኋ ብቻውን አያስተማምንም። ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ከብልቷም እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወረደ ጊዜዋ ደርሷል። ጠዋት ካዩ ማታ፣ ማታ ካዩ በማግስቱ ጠዋት ያስጠቋት ወይም አዳቃይ ባለሙያ ይጥሩ። ካመለጠ ሌላ 3 ሳምንት ነው፤ ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል።

እንገር አልቦ መድፋት። ጥጃም ግልገልም ከእናቱ ማህፀን የበሽታ መከላከያ ይዞ አይወጣም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ይህን መከላከያ የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስለሆነ እንደተወለደ በሰዓታት ውስጥ ይጥባ።

አውራ ዶሮ በሌለበት የተጣለ እንቁላል ማሳቀፍ። ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ እንዲህ ያለው እንቁላል ግን 21 ቀን ቢታቀፍም ጫጩት አይወጣውም። ለመብል ምንም አይጎድለውም።

ማር ሲቆርጡ እጭ (ገና ያላደገ የንብ ልጅ) ያለበትን የማር እንጀራ አብሮ መቁረጥ። መስከረምና ጥቅምት አደዩ ሲያብብ ቀፎው ይሞላል፤ ያኔ ነው እጅ የሚፈጥነው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላም ወደ 3 ሳምንት ያህል ቀፎ ውስጥ እጭ ስትመግብና ሰፈፍ ስትሠራ ቆይታ ነው ወደ አበባ የምትወጣው። ዛሬ የተቆረጠው እጭ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አበባ መቅሰም ይጀምር የነበረ ነው። ድንጉላውንም ሥራ ፈት ነው ብለው አይፍጁት። አባት ከሌለው እንቁላል ተፈልፍሎ በ24 ቀን የሚወጣ ወንድ ነው፤ ወጣቷ ንግሥት ከቀፎ ወጥታ በአየር ላይ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች፤ ያን ጊዜ የተቀበለችው ዘር ለዕድሜ ልኳ ይበቃታል።