ጁዶ ለሚጀምር ሰው፦ ከመጣል በፊት መውደቅ

ጁዶ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ለአሰልጣኙ የሚያቀርበው ጥያቄ «ሰው መጣል የምንማረው መቼ ነው?» የሚል ነው። መልሱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አስቀድሞ የሚለመደው መውደቅ ነውና። ይህ ቅደም ተከተል የጀማሪ ማሟሟቂያ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጁዶ ራሱ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አጀማመሩ መመለስ ይጠቅማል።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1860 በጃፓን ተወለዱ። ሰውነታቸው አነስተኛ በመሆኑ ጉልበተኞችን የሚቋቋሙበትን ጥበብ ሲሹ ጁጁትሱ የተባለውን የጃፓን የትግል ስልት አገኙ፤ በዚያን ዘመን ግን የሳሙራይ ሥርዓት አክትሞ ስለነበር የጥንቱን የፍልሚያ ጥበብ የሚፈልገው ሰው እያነሰ ሄዶ ነበር። ካኖ በምትና በማነቅ የሚታወቀውን የቴንጂን ሺንዮ ትምህርት ቤትና በመጣል ስልቱ የሚታወቀውን የኪቶ ትምህርት ቤት ጥበብ ከተማሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ በሚገኘው የኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 የታታሚ ምንጣፍ በሚያህል ክፍል ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ማሠልጠኛ አቋቋሙ። ትልቁ ሥራቸው፣ በእኔ እምነት፣ አዲስ የመጣያ ስልት መፍጠራቸው ሳይሆን ለአካል አደገኛ የሆኑትን ምቶችና መሰል ስልቶች አስቀድሞ በተወሰነ ቅደም ተከተል ለሚከናወነው ካታ ብቻ መተዋቸው ነው። በዚህ የተነሳ ሁለት ሰዎች ራንዶሪ በሚባለው ነፃ ትግል ሳይሰስቱ በሙሉ ኃይላቸው ተጋጥመው፣ በማግስቱም ለልምምድ በጤና ሊገናኙ ቻሉ። የሚወድቀው ሰው መውደቅ ካላወቀ ግን ይህ ሁሉ አይሆንም።

እንግዲህ ኡኬሚ ከሚባለው የአወዳደቅ ጥበብ የኋላውን ይጀምሩ። ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ይበሉ፤ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ስበው ዓይንዎን ቀበቶዎ ላይ ያሳርፉ፤ ጀርባዎን እንደ ቅል አክብበው ወደ ኋላ ይንከባለሉ፤ ጀርባዎ ምንጣፉን በሚነካበት ቅጽበት ሁለቱንም ክንዶች፣ መዳፍዎ ወደ ታች ሆኖ፣ ከጎንዎ ጥቂት ራቅ አድርገው ምንጣፉን ይምቱ። አገጭ የሚሰበሰበው የኋላ ጭንቅላት ምንጣፉን እንዳይመታ ሲሆን፣ ክንድ የሚመታውም የውድቀቱ ኃይል በሰፊ ቦታ ላይ እንዲበተን ነው። ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ መሬቱን ሊደግፍ ይሞክራል፤ የእጅ አንጓና ክርን የሚጎዱት በዚህ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ እስኪጠፋ ድረስ ከቁጢጥ ወደ መቆም አይለፉ። የጎንና የፊት አወዳደቅ ከዚያ ይከተላሉ።

መጣል ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያጋጥምዎ ቃል ኩዙሺ ነው፤ የተጋጣሚን ሚዛን ማናጋት ማለት ነው። ካኖ ይህን በቁጥር ያስረዱ ነበር። የተጋጣሚዎ ጉልበት 10፣ የእርስዎ 7 ቢሆንና ሲገፋዎ ቢቋቋሙት ይሸነፋሉ፤ ከግፊቱ ጋር ወደ ኋላ ቢያፈገፍጉለት ግን በራሱ ግፊት ወደ ፊት ያዘነብልና ጉልበቱ ወደ 3 ይወርዳል፤ እርስዎ 7ቱን እንደያዙ ነዎት። ጉልበትን በአግባቡ መጠቀም የሚለው የጁዶ መርህ በተግባር ይህ ነው።

ለምሳሌ ኦሶቶ ጋሪ የሚባለውን፣ እግርን ከኋላ በመጥረግ የሚጥለውን ስልት እንውሰድ። በቀኝ እጅዎ የተጋጣሚዎን ኮሌታ፣ በግራ እጅዎ የቀኝ እጅጌውን ይያዙ። ግራ እግርዎን ከቀኝ እግሩ ጎን አሳርፈው፣ ክብደቱ በቀኝ ተረከዙ ላይ እንዲያርፍ ደረትዎን አስጠግተው ወደ ቀኝ ኋላው ይግፉት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በቀኝ እግርዎ ያንኑ እግሩን ከኋላ ይጥረጉ። ጀማሪዎች እግራቸውን ቶሎ ያነሳሉ፤ ያልተናጋን ሰው እግር መጥረግ ግን የቆመን ግንድ መምታት ነው። ስለዚህ ሳይጥሉ መግባትን ብቻ የሚደጋግመውን ኡቺኮሚን አያቃልሉት።

ሲጥሉ የያዙትን እጅጌ እስከ መጨረሻው አይልቀቁ፤ ወደ ላይ ሳብ ያደረጉለት ሰው በጎኑ በቀስታ ያርፋል። ካኖ የጋራ ጥቅምና ብልጽግና ያሉት ሁለተኛው መርህ እዚህ ላይ በእጅ የሚጨበጥ ይሆናል፤ የጎዱት የልምምድ ጓደኛ ነገ አይመጣምና። እጁ ሲቆለፍ ወይም ሲታነቅ ምንጣፉን ወይም እርስዎን ሁለት ጊዜ መታ ካደረገ ወዲያውኑ ይልቀቁት።

ወደ ራንዶሪ በመጀመሪያ ሲገቡ፣ ከእርስዎ የበለጠ ልምድ ያለውን ሰው ይምረጡ፤ ክንድዎን አያግትሩ፤ ሊጥልዎ ስልቱን በትክክል ከገባ በኋላም መሬቱን በእጅዎ ለመደገፍ ሳይሞክሩ አገጭዎን ሰብስበው ይውደቁ።