ካርካዴ አይቀቀልም፣ ቮድካም አይደበቅም

ባለፈው ሳምንት አዲስ የመጣ ልጅ የካርካዴ ሽሮፕ እንዲሠራ አዘዝሁት። የአሉሚኒየም ድስት ጣደ፣ ካርካዴውን በእፍኝ በእፍኝ ሞጀረበት፣ ከዚያ ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስቀምሰው ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። «ጋሼ፣ ብዙ ከፈላ ብዙ ቀለም ያወጣል ብዬ ነው» አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ የዛሬ 14 ዓመት እዚሁ ፒያሳ ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ስጀምር እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ያበሳጨኝ ያንኑ ትምህርት ለስንተኛ ጊዜ እንደምደግመው መቁጠር ስጀምር ነው። ስለዚህ ጽፌው ልረፍ።

ካርካዴ ጎመን አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ ይፈላል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ 60 ግራም ደረቅ ካርካዴ ይገባበታል፣ ይከደናል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይጠለላል። አለቀ። ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ይልቁንም ሲንተከተክ፣ ምድጃ ላይ እንደተረሳ ሻይ አፍ የሚሰበስብ ምሬት ያወጣል፤ ያንን ደግሞ ምንም ያህል ስኳር አይሸፍነውም። ስኳሩ የሚጨመረው ከተጠለለ በኋላ ነው፣ በለዘበ እሳት፣ እስኪሟሟ ብቻ። ጊዜ ያለው ሰው ማታ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያሳድረው ጠዋት የሚያገኘው ጣዕም ከሁሉም ይለሰልሳል። እኔ ለበዓል የምሠራው እንደዚያ ነው።

ድስቱም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ካርካዴ ኮምጣጣ ስለሆነ አሉሚኒየሙን ይነካካዋል፤ ሽሮፑ የብረት ጣዕም ይይዛል፣ ደማቁ ቀይም ይደበዝዛል። የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ተጠቀሙ።

ስኳርና ውኃን በብርጭቆ ለክታችሁ «እኩል በእኩል ነው» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ውስጥ ውኃው 240 ግራም ሲመዝን ስኳሩ ወደ 200 ግራም ብቻ ነው። እኩል አይደለም፤ ሽሮፑ ቀጥኗል፣ የቀጠነ ሽሮፕ ደግሞ ቶሎ ይቦካል። ሚዛን ግዙ። በክብደት እኩል በእኩል የሆነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሁለት እጅ ስኳር ለአንድ እጅ ውኃ የሆነው ከዚያ በጣም ይበልጣል።

ቴርሞሜትር ለሚወዱ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር የሽሮፕና የማርማላታ መመሪያዎች «104 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉት» ይላሉ። መመሪያውን የጻፈው ሰው የጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ተቀምጦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእርሱ 104 የእኛ 96 ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ 104ን ሲጠብቅ አምሽቶ ጠርሙስ ውስጥ የሞላው ሲቀዘቅዝ ከረሜላ ሆነበት፤ ጠርሙሱን ሰብረን ነው የጣልነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ሽሮፕ እንዲቆይ ቮድካ ጠብ ማድረግ። ምክሩ በየቦታው አለ፤ ከማቆየት አንጻርም ስህተት የለበትም። ችግሩ ያ ጠርሙስ ነገ «አልኮል የለውም» ተብሎ የሚቀዳው መጠጥ ውስጥ መግባቱ ነው። ይህን የምጽፈው ሰው ላይ አይቼ አይደለም፤ ራሴ አድርጌዋለሁ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ካዛንቺስ በአንድ የሙስሊም ቤተሰብ የኒካሕ ግብዣ ላይ 80 ብርጭቆ አልኮል አልባ መጠጥ እንዳቀርብ ተዋዋልሁ። ሽሮፑን ቀደም ብዬ ሠርቼ ነበር፤ እንዳይበላሽብኝ በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ አንድ መለኪያ ቮድካ ጨምሬበታለሁ። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልጻፍሁም። ግማሹ ከተቀዳ በኋላ የሙሽራዋ አያት ብርጭቋቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ቀለሙን እያደነቁ «ልጄ፣ ከምን ከምን ነው የሠራኸው?» አሉኝ። «ካርካዴ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ትንሽ ኮረሪማ…» እያልሁ ስቆጥር አራተኛው ላይ ደረቅሁ። ነገርኋቸው። ብርጭቆውን ሳይቀምሱት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ የጠጡትን ሴቶች በየተራ በጆሯቸው ለመንገር ሄዱ። ያ ጉዞ ከክፍሉ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ነበር፤ እኔ ቆሜ አየሁት። የአገልግሎት ክፍያዬን አልተቀበልሁም፤ ብቀበልም የሚሰጠኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ባንኮኒ ሽሮፕ ውስጥ ምንም ዓይነት አልኮል አይገባም። የማይቆይ ከሆነ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ይሠራል። ለአልኮል አልባው መጠጥ የተለየ ሼከር (መጠጥ መምቻ ዕቃ)፣ የተለየ መለኪያና የተለየ ማጥለያ አለን፤ ሁሉም አረንጓዴ ፕላስተር ተጠምጥሞባቸዋል። ጅን የነካው ሼከር በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ወደ አረንጓዴው አይመጣም።

ጀማሪዎች «ጠብታ ምን አላት?» ይላሉ። ቢተርስ፣ ኮክቴል የሚቀመምበት መራራ ፈሳሽ፣ ያው ጠብታ ነው፤ አንጎስቱራ የተባለው ዝነኛው ቢተርስ ግን የአልኮል መጠኑ 44.7 በመቶ ነው፣ ማለትም ከብዙዎቹ ጅኖች ይበልጣል። የቫኒላ ፈሳሽም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በአልኮል ነው። መቦካት የጀመረ ሽሮፕ፣ ክዳኑ ሲከፈት «ጢስ» የሚልና አረፋ የሚያሳይ፣ እርሱም አልኮል መሥራት ጀምሯል፤ ድፉት። አልኮል የለበትም ወይ ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ምክንያቱን ሊነግራችሁ አይገደድም። ሃይማኖቱ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት እየወሰደ ሊሆን ይችላል፣ መኪና ሊነዳ ነው፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወይም ካቆመ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጠብታዋ ለማን ትንሽ እንደሆነች የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት አልኮል አልባውን መጠጥ እንደ ልጆች ጭማቂ ማየት ነው። ጅኑ ሲወጣ የቀረውን ቦታ በሽሮፕ ይሞሉታል፤ እንግዳው ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ ይተወዋል። አልኮል የሚሰጠው ጉሮሮን የሚነካ ነገር አለ፤ በእርሱ ፈንታ የሚነካ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። የእኔ መጠን 30 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 15 የሎሚ ጭማቂ፣ 60 ጠንከር ብሎ የተፈላ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ከላይ አምቦ ውኃ ነው። አልኮል ላለው 50 ጅን፣ 20 ሽሮፕ፣ 15 ሎሚ። ካርካዴው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ በሌሎች ኮክቴሎች የለመዳችሁትን ያህል ሎሚ አትጨምሩበት።

አምቦ ውኃ ካነሳሁ አይቀር፣ በሼከር አትምቱት። አንድ ጊዜ ክዳኑ ተፈናጥሮ የአንዲትን እመቤት ነጭ ነጠላ ቀይ ጥለት ጨምሮበታል።

ሌላም ጠባይ አለው። አምቦ ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ነው፣ የካርካዴን ኮምጣጣነት ይገድላል። ሽሮፑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱትና ብርጭቆውን ነጭ ግድግዳ አጠገብ ያዙት፦ ቀዩ ከላይ ጀምሮ ወደ ወይን ጠጅ ሲሄድ ታያላችሁ። ሎሚ ጨምቁበት፤ ጠብታው በወረደበት መስመር ቀዩ ይመለሳል። ጀማሪው ይህን ሳያውቅ «ሽሮፑ ተበላሽቷል» ብሎ ይደፋዋል። እኔ ለእንግዳ እያሳየሁ ጉርሻ አገኝበታለሁ።

በጾም ወቅት እንቁላል ነጭ። አረፋ ያለው ኮክቴል ሲሠሩ እጃቸው ለምዶ እንቁላሉን ይሰብራሉ፤ እንግዳው ደግሞ ሑዳዴ የያዘ ነው። ሽምብራ የተቀቀለበትን ወፍራም ውኃ 30 ሚሊ ሊትር አድርጉ፤ ያለ በረዶ በደንብ ምቱት፣ ከዚያ በበረዶ ድገሙት። አረፋው ከእንቁላሉ አያንስም።

አሁን ስለ ኤልደርቤሪ፣ ስለዚያ አውሮፓ ስለሚለቀመው ጥቁር ትንንሽ ፍሬ፤ ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ከጀርመን የመጣ አንድ ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፍሬ ይዞልኝ መጣ። እዚያ ሽሮፑን ለጉንፋን ይጠጡታል፤ እኛም አገር ሽሮፕ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የሳል መድኃኒት ስለሆነ ተግባባን። «እንደ ካርካዴህ በቀዝቃዛ ውኃ አሳድረው» አለኝ። እዚህ ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል፦ ካርካዴ አይቀቀልም፣ ኤልደርቤሪ ሳይቀቀል አይጠጣም። በጥሬው ፍሬ፣ ይልቁንም በዘሩ፣ በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ ሆድ ዕቃ ሲገባ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነቅጠሉና ከነቅርንጫፉ የተጨመቀ ጥሬ ጭማቂ የጠጡ ሰዎች ታመው ስምንቱ በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። እኔ ግማሽ ሰዓት ከልቡ አፈላዋለሁ፤ ውኃችን በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ ደቂቃ አልሰስትም። ከዚያ ዘሩን ሳልፈጭ አጠልለዋለሁ። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፣ ኮምጣጣነቱ ከካርካዴ ያንሳል፣ ስለዚህ ሎሚው ወደ 25 ከፍ ይላል። ከጅን ይልቅ ከውስኪ ጋር ይስማማል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አንዲት ልጅ ናት። የኤልደርቤሪን ፎቶ በስልኳ አሳይታኝ «ይህማ አያቴ ቤት አጥር ላይ አለ» አለችኝ። የነገረችኝን ምልክት ስሰማ እንዶድ ነው! አሜሪካም ውስጥ ሰዎች ከኤልደርቤሪ ጋር እያምታቱ የሚታመሙበት ተክል የእንዶድ የቅርብ ዘመድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙበት እንዶድ ማለት ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድል፣ ነጠላ የሚያነጣ ነገር ኮክቴል ውስጥ አይገባም። ፍሬውን ያላወቃችሁትን ቁጥቋጦ ከስልክ ፎቶ ጋር አስተያይታችሁ አትልቀሙ።

ምንጩ ያልታወቀ አረቄም እንዲሁ። «ከገጠር የመጣ ንጹሕ ነው» የሚባለው ጥንካሬው በየጠርሙሱ ይለያያል፤ ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል ቢኖርበት በምላስ አይለይም።

የቀረው ጠርሙሱ ነው። ትኩስ ሽሮፕ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም፤ ይጨማደዳል፣ ጠረኑንም ይቀበላል። በፈላ ውኃ የታጠበ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ያውም ትንሽ ትንሹ፣ በላዩ የተሠራበት ቀን ተጽፎ። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር አትክፈቱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ካደረ ቀጭኑን ሽሮፕ ጠዋት ከማንም በፊት ራሳችሁ ክፈቱና አሽትቱት። ያ ልጅ ትናንት ይህን ሲያደርግ አየሁት፤ አሽትቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሦስቱን ጠርሙስ ወደ መታጠቢያው አንቆረቆራቸው። ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ ዝም አልሁት።