ከጦርነት የወጣች ትንሽ አገር ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጦርነት ማግስት ለሚመጣው ችግር ሁሉ "ገንዘብ ስለሌለ ነው" ማለት ይቀናናል። ፖርቱጋልና ኢንዶኔዥያ ተራ በተራ የገዟት፣ በ2002 ነፃነቷን ያገኘችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገር ምሥራቅ ቲሞር ግን ብዙ ሳትቆይ የነዳጅ ገንዘብ አገኘች፤ ችግሩ ግን አልቀረላትም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታጣቂውን እንደነገሩ መሸኘት

በ2006 ወደ 600 የሚጠጉ የምሥራቅ ቲሞር ወታደሮች "ከምዕራብ ወረዳዎች ስለመጣን እንበደላለን" ብለው አቤት አሉ። መልሱ ማባረር ሆነ። ዋና ከተማዋ ዲሊ በግጭት ታመሰች። 150 ሺህ ያህል ሰው ተፈናቀለ። የአራት ዓመት ልፋት በሳምንታት ውስጥ ተናደ።

የላይቤሪያ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2003ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ትጥቅ ይፈታል ተብሎ የታሰበው 38 ሺህ ተዋጊ ነበር። የተመዘገበው ከ100 ሺህ በላይ ሆነ። የተሰበሰበው ጠመንጃ ግን 28 ሺህ ገደማ ነው። እንዴት? 150 ጥይት ያስረከበም እንደ ተዋጊ ይቆጠር ነበር፤ ለተመዘገበው ደግሞ 300 ዶላር ይሰጥ ነበር። ጥይት የትም ይገኛል! እርግጥ ጠመንጃ ሳይዙ ከታጣቂዎቹ ጋር የከረሙ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ፤ እነሱን መተው አይገባም። ግን ለ38 ሺህ ታስቦ የተጀመረ ሥራ 100 ሺህ ሰው ሲመጣበት መዳከሙ አይቀርም። የሚቀጥር ከሌለ ደግሞ የሥልጠና ሰርተፍኬት ወረቀት ብቻ ነው።

የመሬትን ጉዳይ ማሳደር

በ1999 የኢንዶኔዥያ ደጋፊ ሚሊሻዎች ምሥራቅ ቲሞርን ሲያቃጥሉ የመሬት መዝገቦችም አብረው ጠፉ። አንዱ የፖርቱጋል ዘመን ካርታ ያወጣል፣ ሌላው የኢንዶኔዥያን፣ ሦስተኛው "የአያቶቼ ነው" ይላል። የባለቤትነት ሕጉ የጸደቀው በ2017 ነው። እስከዚያ ማን ደፍሮ ይገንባ? የትኛው ባንክስ ያበድር? ሩዋንዳ ከ2009 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 10 ሚሊዮን ያህል ይዞታ መዝግባለች። ስለዚህ "አይቻልም" የሚለው አያስኬድም።

የእርዳታ ሠራተኛውን ግርግር እድገት ማለት

የተባበሩት መንግሥታት ሰዎች ሲገቡ የቤት ኪራይ ይንራል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ሹፌርና አስተርጓሚ ይፈለጋል። ሲወጡ ሁሉም ይበርዳል። ምሥራቅ ቲሞር ከ2002 በኋላ ይህንኑ አየች።

ያልመጣውን ገቢ ቀድሞ መብላት

የነዳጅ ገቢ የሚጠራቀምበትን ፈንድ ያቋቋመው የ2005ቱ የምሥራቅ ቲሞር ሕግ፣ በእኔ እይታ፣ ጎበዝ ሕግ ነው። መንግሥት በየዓመቱ ከአገሪቱ የነዳጅ ሀብት 3 በመቶ ያህል ብቻ እንዲያወጣ ይመክራል። ፓርላማው ካጸደቀ ግን ከዚያ በላይ ማውጣት ይቻላል። መንግሥታቱም በዚህ ቀዳዳ ደጋግመው ገቡ። ግሬተር ሰንራይዝ ከተባለው የባሕር ውስጥ የጋዝ ማውጫ ጋዝ ይመጣል ተብሎ በደቡብ ጠረፍ አውራ ጎዳና ተጀመረ፤ ሱዋይ በተባለችው ከተማም አውሮፕላን ማረፊያ ተሠርቶ በ2017 ተመረቀ። ጋዙ ግን አልመጣም። ለዓመታት ፈንዱን ሲሞላ የኖረው ባዩ ኡንዳን የተባለው የባሕር ውስጥ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ደግሞ ነጥፏል።

በሌላ አገር ገንዘብ መገበያየት ጣጣ የለውም ማለት

ምሥራቅ ቲሞር ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ትገበያያለች። ዋጋን አረጋግቷል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዶላር ሲጠነክር ከውጭ የሚገባው ሩዝ ይረክሳል፤ የአገሬው ገበሬም መወዳደር ያቅተዋል። የራስን ገንዘብ በችኮላ ማተም መፍትሔ አይደለም። ማዕከላዊ ባንኩ ሳይጠና ከታተመ ጣጣው ይብሳል። ከዚያ በፊት መንገድን፣ መስኖንና የቡና ጥራትን ማሻሻል ይሻላል።