ካሶኒ (የመኪና መጫኛ) ላይ የተሠራ መኝታ ሳጥን፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ጠዋት ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ፍራሹ ከሥር ረጥቧል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ባለቤቱ «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ያመጣዋል፤ ዝናብ በሌለበት ሌሊትም እንደሚያንጠባጥብ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሠሪውም ሳይመረምር ሲሊኮን ይለቀልቅበታል። ሲሊኮን ሦስት ጊዜ የተደራረበበት ሳጥን ሲፈታ ላሜራው አንድም ቀዳዳ የለውም፤ የውስጡ ኮምፔንሳቶ ግን በቱቦላሬው (በብረት አጽሙ) መስመር ልክ ጠቁሮ በስብሷል። ያ ፍሳሽ አይደለም፣ ላብ ነው።

ሁለት ሰው ሲያድር በትንፋሽና በገላው ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ይለቃል። ውስጥ ከተበሰለ ይብሳል፤ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ከ1.5 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ባሌ ላይ እንደ ሳነቲ ባለ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲታደር ላሜራው ክፉኛ ይቀዘቅዛል። ፎም የገባው በቱቦላሬዎቹ መሀል ብቻ ከሆነ ብርዱ በብረቱ በኩል ይገባል፣ እንፋሎቱም እዚያው ውሃ ይሆናል።

ለመለየት፦ ቦታውን አድርቁ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉበት፣ እደሩበት። ጠዋት ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ከረጠበ ላብ ነው፤ ከጀርባው ውሃ ከወረደ ግን በእርግጥም ያፈሳል።

የላብ መፍትሄ፦ ኮምፔንሳቶውን ንቀሉ። በቱቦላሬዎቹ መሀል 25 ሚሊ ሜትር ጠጣር ፎም ሙሉ፤ ከዚያ ብረቱን ራሱን በ10 ሚሊ ሜትር ፎም ሸፍኑ። ይህችን ሽፋን የሚዘል ሠሪ ሥራውን ጨርሶ አልሠራም። ፎሙን በማስቲሽ አትለጥፉ፤ ማስቲሹ ፖሊስታይሪን ይበላል። የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ተጠቀሙ። የመስታወት ሱፍ ውሃ ይይዛል፣ አታስገቡ። ሁለት መተንፈሻ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ክፈቱ፦ አንዱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሌላውን በተቃራኒው ጎን ከጣሪያው ሥር። ከፍራሹ ሥር 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት የሚሰጥ ርብራብ ግጠሙ።

በረደን ብላችሁ መተንፈሻውን በጨርቅ አትወትፉ። ከሰል ደግሞ ይዛችሁ አትግቡ፣ ፍሙ አመድ ቢለብስም። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፤ ሽታም የለውም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል።

በእርግጥ የሚያፈስ ከሆነ፦ አሮጌውን ሲሊኮን እስከ ብረቱ ፍቁ፤ በላዩ ምንም አይዝም። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን የዚንክ ላሜራ ስለሚያዝግ በፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ተኩት።

ምልክት፦ የበሩ ላይኛ ማዕዘን ብየዳ ይሰነጠቃል

ካቢናውና ካሶኒው በሻንሲው ላይ ለየብቻ ነው የተቀመጡት፤ ኮረኮንች ላይ ለየብቻ ይወዛወዛሉ። ሳጥኑን ከሁለቱም ጋር ያሠረ ሰው ስንጥቁን ራሱ ነው የሠራው። ከካቢናው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ከካሶኒው ጋር ብቻ እሠሩት፤ የኋላዎቹ ብሎኖች የጎማ ቁራጭ ላይ ይረፉ። ስንጥቁን ሞርዳችሁ በይዱ፣ ማዕዘኑን በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሦስት ማዕዘን ደግፉ። ድርቡ ካልገባ ስንጥቁ ከብየዳው ጎን ይመለሳል። ከመበየድ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ!

ምልክት፦ አቧራ ይገባል

መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየር ይሳሳል፣ አቧራውንም በኋላ በር ይስበዋል። የበሩን ጎማ ቀይሩ፣ ጣሪያው ላይ ወደ ፊት የሚያይ ባለ ማጣሪያ መተንፈሻ ክፈቱ። በዚያው መንገድ የጭስ ማውጫውም ጭስ ይገባል፤ በጉዞ ላይ ሰው ውስጥ አታስቀምጡ።

ምልክት፦ መሪው ይቀላል

ክብደቱ ከኋላ አክሰል ወደ ኋላ አልፏል፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነውና ጋኑን ወደ ካቢናው አስጠጉ።