ዳኛ ፍለጋ አትምጡ፦ ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በሥነ ልቦና ምክር ሥራ ነው የምተዳደረው። ብቻቸውን የሚመጡ አሉ፤ ጥንዶችም ይመጣሉ። ክፍሌ ትንሽ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ባሎች አብዛኛውን ጊዜ በርጩማዋን ይመርጣሉ። በሩ አጠገብ ስላለች ይመስለኛል።

«የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። እኔ ይቺን አባባል እንዳለች ይዤ ነው የምሠራው። አብዛኛው የልብ ቁስል ከሰው ጋር ስንኖር የመጣ ነው፤ የሚሽረውም ከሰው ጋር ነው። ስለዚህ በኔና በሚመጣው ሰው መካከል የሚፈጠረውን ቅርበት እንደ ዋና ሥራ አየዋለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ከአማካሪ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል፦ የሰውየውን ስሜት እንደራስ አድርጎ መረዳት፣ ምንም ይዞ ቢመጣ አለመናቅ፣ አለማስመሰል። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን አሁንም እየተማርኩት ነው።

የሁለት ሰው ሥራ ግን በአንድ ትከሻ አይነሳም። ከሚመጡት ሰዎች በኩል ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ። ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም ይበሉባቸዋል። የማነሳቸው ታሪኮች የአንድ ሰው አይደሉም፤ ከብዙ ሰው ቀላቅዬ፣ መለያቸውንም ቀይሬ ነው የጻፍኳቸው።

ዳኛ መፈለግ

ጥንዶች ሲመጡ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚጀምሩት እንዲህ ነው ብል አላጋነንኩም፦ «እህቴ፣ እኔ ልናገር፣ እሷም ትናገር፣ ከዚያ አንቺ ፍረጂን።» ይገባኛል። እኛ የምናውቀው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱንም ይሰማል፣ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ይቅር ያባብላል። ብዙ ቤት አትርፏል፤ አከብረዋለሁ። እኔ ጋ ስትመጡ ግን ማስረጃ አዘጋጅታችሁ አትምጡ። በስልክ የተቀረጸ ጭቅጭቅ፣ የቴሌግራም መልእክት፣ «እህቷም ትመስክር» የሚል ጥሪ፤ አንዱም አይጠቅመንም።

እኔ የማየው አዙሪቱን ነው። እሱ ዝም ስለሚል እሷ ትጮኻለች። እሷ ስለምትጮህ እሱ ዝም ይላል። ማን ጀመረው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለቱም መሐላ ይገባሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት ስሜት ላይ የሚያተኩር የጥንዶች ሕክምና መነሻው ይህ ነው። ከጩኸቱ ሥር ብዙ ጊዜ «አለህልኝ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ከዝምታው ሥር ደግሞ «ምንም ባደርግ አልበቃሽም» የሚል ፍርሃት።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ትዝ ይለኛል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ አልተቻለም። ሚስትየዋ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። «ምን አልሽ?» አለ ባልየው ከበሩ አጠገብ። ደገመችው። አልተሰማም። ተነሳ፣ በርጩማዋን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ጆሮው ላይ ተጠግታ «እናቴ የታመመች ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ ነው ያልኩህ» አለችው።

«ታመሻለህ»፣ «አላመሽም» እየተባባሉ ስድስት ወር የተጨቃጨቁት ለዚች ነበር። እሱ አልተከራከረም። «አላወቅኩም» አለ። ዝናቡ ካባራም በኋላ በርጩማዋን አልመለሳትም። እኔ የዚያን ቀን ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለማጣራት ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ያቺ ነገር ከአፏ አትወጣም ነበር።

ምክርን እንደ መድኃኒት ማዘዣ መጠበቅ

«ልፍታው ወይስ ልቀመጥ?» በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት። ስሙም «ምክር» ስለሆነ ሰው አይፈረድበትም። ግን የናንተን ኑሮ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ። ውሳኔውን እኔ ብሰጣችሁ ነገ ሲከብዳችሁ የሚያቆማችሁ አይኖርም። መጀመሪያ የምንስማማው ምን ላይ እንደምንሠራና እንዴት እንደምንሠራው ነው። መተማመኑ በዚያ ውስጥ ይመጣል። ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ነው የጻፈው፦ ግብ፣ ሥራ፣ ትስስር።

ብዙዎች «ዶክተር» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት አላዝም። ለሳምንታት እንቅልፍ እንቢ ያለው፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲገጥመኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረን መንገድ እንፈልጋለን። ሐኪሙ ጋ መሄዱ እኔ ጋ መምጣቱን አያስቀርም። ጸበሉም፣ ዱዓውም እንደዚያው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

ይሉኝታን ይዞ መግባት

ስለዚህኛው ስህተት ብዙ ብል ደስ ይለኛል፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ይህ ነውና።

ይሉኝታ ያሳደገን ነገር ነው። እንግዳ ፊት አንከፋም፣ ትልቅ ሰው ፊት አንቆጣም፣ የቤት ገመና አናወጣም። ታዲያ አንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ተቀምጦ «ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ትንሽ ድካም ብቻ» ይለኛል። ሰዓቱ አልቆ ተነስቶ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ሲያርፍ፣ «እ... አንድ ነገር ረስቼ። ሚስቴ ከቤት ከወጣች ሦስት ሳምንቷ ነው።» አልረሳም። ጨዋነቱን ሲጠብቅ፣ እኔን ላለማስጨነቅ ሲል ነው ሰዓቱ ያለቀበት። እባካችሁ የበሩን ወሬ ወንበሩ ላይ አምጡት። እንባም ቢመጣ ችግር የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ።

ይሉኝታው እኔ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዲት ሴት ስለ ሞተ ልጇ እያወራች ሳለ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። አንዴ ብቻ። አየችኝ። ምንም አላለችም፣ እንዲያውም ስትወጣ አመሰገነችኝ። ሁለት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው መጣች፣ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ እንደያዘች «ያን ቀን ሰዓት ሲያዩ አሰለቸኋቸው ብዬ ነው የቀረሁት» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ሰበብ ነበረኝ፤ ቀጣዩ ሰው ውጭ እየጠበቀ ነበር። ሰበቡን ተውኩትና «አይቻለሁ፣ ልክ ነሽ፣ ያን ጊዜ ማየት አልነበረብኝም» አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ በፊት ያስቀየማት ሰው ፊት ለፊት «ልክ ነሽ» ብሏት እንደማያውቅ ነገረችኝ።

እኛ ሥራ ላይ ትልቁ ነገር የሚሆነው እንዲህ ባለ ቀን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶችንና ሕፃናትን ሲያጠና ያየው ነገር አለ፦ ጤናማ የሆኑት እናትና ልጅ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይናበቡም። ሕፃኑን የሚያሳድገው ከተላለፉ በኋላ ተመልሰው መገናኘታቸው ነው። አዋቂም ቢሆን እንደዚያው ነው። ስለዚህ እኔ ስሳሳት፣ ቃሌ ሲሻክራችሁ፣ ያልተረዳኋችሁ ሲመስላችሁ ንገሩኝ። አትፍሩ፣ አልቀየምም። ኩርፊያ ለምዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ መናገር የምትለማመዱት እኔ ላይ ይሁን።

ወላጅን ማማት እንዳይሆን ብሎ ልጅነትን መዝለል

«እናቴን እዚህ አታንሱብኝ፣ ቅድስት ናት።» እናትን መውቀስ አይደለም ዓላማው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ልጅ ከእናቱ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ማጥናት የጀመረችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ኡጋንዳ ገብታ ነው። 26 ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየሄደች አየች። ስንፈራ ወደ ማን እንደምንሮጥ፣ ማንስ እንደሚያቅፈን የምንማረው በዚያ ዕድሜ ነው። ትዳር ውስጥ የምናደርገው ሩጫም ሆነ ሽሽት ከዚያ ሊነሳ ይችላል። እናት ቅድስትም ሆና ደክሟት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ማለት ይቻላል።

የማይመች ቋንቋ መምረጥ

ይቺ አጭር ናት። እዚህ ከተማ ብዙ ቤት ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አብረው ይኖራሉ። ሰው ግን እኔ ጋ ሲመጣ «በደንብ» ለመናገር ይታገላል። ሆድ ሲብስ የሚመጣው ቃል በየትኛውም ቋንቋ ይምጣ። አንድ ሰው ሦስት ቀጠሮ ሙሉ በጥሩ አማርኛ ስለ ሥራው አወራኝ። በአራተኛው «ሃዳ ኮ» አለ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ለአማካሪ በስውር መደወል

ለጥንዶች ነው። ከቀጠሯችን በፊት ማታ ስልኬ ይጮሃል። «ለሱ እንዳይነግሩብኝ እንጂ...» በዚያች ሰዓት ሦስት መሆናችን ቀረ፤ ሁለት ለአንድ ሆንን። ነገ ባልየው ዓይኔን ሲያይ እኔ የምደብቀው ነገር አለኝ። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን እነግራችኋለሁ፦ ከሁለታችሁ ጋር እየሠራሁ አንዳችሁ ከሌላው የምትሸሽጉትን አልይዝም። ለመናገር ከከበዳችሁ እንዴት እንደምትነግሩት አብረን እናስባለን።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ስህተት አለ፤ እዚህ የተባለውን ቤት ወስዶ ዱላ ማድረግ። «አማካሪዋም እኮ ጥፋቱ ያንተ ነው ብላለች!» አላልኩም። ብልም ኖሮ ለዚያ አልነበረም። እዚህ ያለቀሰ ሰው ቤቱ ሲገባ በእንባው ከተሰደበ ሁለተኛ አያለቅስም።

ምሥጢር ካነሳን ዘንድ፦ ጅማ ትንሽ ናት፤ ጅሬን ሰፈር ሆኖ ያስነጠሰ ሰው አጂፕ ሰፈር ላይ «ይማርህ» ይባላል። የነገራችሁኝ ግን ከክፍሏ አይወጣም። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ወይም ሕፃን ሲጎዳ ብቻ ነው ዝም የማልለው፤ እሱንም አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

በምርቃና ወይም በንዴት ሰዓት ትልቅ ወሬ መጀመር

ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ የተገባ ቃል ስንት ቤት እንዳሳዘነ የምታውቁት ነው። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር ይቻላል፦ ቤት ይሠራል፣ ይቅርታ ይባላል፣ ጫቱም ይተዋል። ማታ ላይ ዝምታው ይመጣል። ሚስት ግን ቃሉን ይዛ ነው የምትጠብቀው። ከባድ ወሬ ጠዋት አድርጉት። እኔ ጋም ስትመጡ ሳትቅሙ ኑ።

ንዴትም እንደዚያው ነው። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ጥንዶችን በቤተ ሙከራ ሲያጠና የልብ ምታቸውን ይለካ ነበር። በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በትክክል አይሰማም። ለመብረድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። «ልረጋጋ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንቀጥላለን» ብላችሁ ውጡ፤ ደግሞም ተመለሱ። ሳይናገሩ መውጣትና ተናግሮ መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ንቀት ነው ይላል ጎትማን፦ ማሽሟጠጥ፣ ዓይን ማገላበጥ፣ «አንተ ደግሞ ሰው ነህ?» ማለት። እኔም ከአንድ ሰዓት ጩኸት ይልቅ አንዲት የሽሙጥ ፈገግታ ታስፈራኛለች።

ዱላ እያለ «ጥንድ ሆነን እንምጣ» ማለት

እዚህ ላይ አልለሳለስም። ድብደባ ባለበት ቤት ሁለቱን አብሬ አላስቀምጥም። እኔ ፊት የተናገረችውን ማታ ትመታበታለች። ለየብቻ ነው የማገኛቸው። ከሷ ጋር መጀመሪያ የምንነጋገረው ዛሬ ማታ የት እንደምታድር ነው። ስለ አዙሪቱ፣ ስለ ልጅነቱ ማውራት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ቅርበትን ከጓደኝነት ማምታታት

ሰዎች አንድ ኪሎ ቡና፣ አንድ ጣሳ ማር ይዘውልኝ ይመጣሉ። የጅማ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። እምቢ ስል ይከፋቸዋል፤ እኔንም ይከፋኛል። አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ የእጄን ትመልሺ?» አሉኝና ረጅም ጊዜ ስለሱ አወራን። በመጨረሻ ቡናውን እዚያው አፍልተን አብረን ጠጣን፤ የቀረውን ይዘው ሄዱ። ሰርግ ላይ አልገኝም፣ የክርስትና እናት አልሆንም፣ ገንዘብ አላበድርም፣ አልበደርም። ሳልወዳችሁ ቀርቼ አይደለም። ይሉኝታ የማይያዝበት አንድ ሰው እንዲኖራችሁ ብዬ ነው።

ገበያ ላይ ስንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከአማታችሁ ጋር ሽንኩርት እየመረጣችሁ ብታዩኝ ዓይኔን ወደ ቲማቲሙ አዞራለሁ። «ኮራች» እንዳትሉኝ። «ይቺ ማናት?» ተብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው። እናንተ ከሰላማችሁኝ ግን ጉንጭ እስኪደክም ነው የምመልሰው።

ሳይሰናበቱ መቅረት

አንዳንዱ ይሻለውና ይቀራል፤ ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ተቀይሞ ይቀራል። አንዳንዱ ገንዘብ አጥሮት፣ ለመናገር አፍሮ ይቀራል፤ ይህ ከሁሉም ያሳዝነኛል፣ ብንነጋገርበት መላ አይጠፋምና። ብዙዎቻችን ሕይወታችን ውስጥ ያሉ መለያየቶች ወይ በሞት ወይ በጠብ ያለቁ ናቸው። በወግ መሰነባበት የት ተለማምደን እናውቀዋለን?

ስለዚህ ማቆም ስትፈልጉ ደውላችሁ «አንድ ቀን መጥቼ ልጨርስ» በሉኝ። ምን ተሸክማችሁ መጣችሁ፣ ምን ቀለላችሁ፣ ምን ቀራችሁ፣ እኔ ላይ ምን ቅር አላችሁ፤ እሱን እናወራለን። ከዚያ እስከ በሩ እሸኛችኋለሁ።