ሰው በሚኖርበት ፎቅ ላይ ስፕሪንክለር ሲገጠም የሚደጋገሙ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ሰው በሚኖርበት ፎቅ ላይ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ይገጠም ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ጣሪያው ላይ ሮቶ አለ፤ ከእሱ እንቀጥለው» የሚል ነው። እባካችሁ አትቀጥሉት! 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ሮቶው ከላይኛው ፎቅ ኮርኒስ በ3 ሜትር ቢበልጥ 0.3 ባር ብቻ ይደርሳል፤ ያውም ቧንቧው የሚበላው ሳይቀነስ። የተለመደው ኬ80 ራስ (ውሃውን የሚረጨው ጫፍ፤ ኬ80 የሚያፈሰውን መጠን ያመለክታል) 20 ካሬ ሜትር ለመሸፈን በደቂቃ 82 ሊትር ማፍሰስ አለበት፤ ለዚህ ከ1 ባር በላይ ያስፈልገዋል። በ0.3 ባር የሚወጣው 44 ሊትር ነው። ምድር ቤት ላይ ሲሞከር ውሃው ጥሩ አድርጎ ስለሚረጭ ሁሉም ይረካል፤ መለካት ያለበት ግን ላይኛው ፎቅ ነው።

ውሃውም አይበቃም። ኤንኤፍፒኤ 13 በተባለው የአሜሪካ የስፕሪንክለር መስፈርት ስሌት፣ በአንድ ጊዜ ውሃ ይረጭበታል ተብሎ የሚታሰበው 139 ካሬ ሜትር በደቂቃ 570 ሊትር ይጠይቃል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ 380 ሊትር ሲደመርበት ለ30 ደቂቃ 28,500 ሊትር ይሆናል። ውሃ በጠፋ ሰሞን ነዋሪው ሮቶውን ያሟጥጠዋልና ለእሳት ብቻ የሚሆን ታንከር ለይታችሁ አስቀምጡ። ከታንከሩ ውሃውን በግፊት የሚልከው ፓምፕም መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳ ናፍጣ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ይኑረው።

ቧንቧውን በፊሸር ብሎኬት ላይ ማንጠልጠል ሌላው ጥፋት ነው። ብዙ ሕንፃዎች ሶሌታቸው በብሎኬት የተሞላ ነው፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ አይይዝም። ውሃ የሞላ የ2 ኢንች ብረት ቧንቧ በሜትር 7.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማንጠልጠያው በየ4.6 ሜትሩ ከሆነ እያንዳንዱ 35 ኪሎ ይሸከማል፤ መስፈርቱ ደግሞ የዚህን አምስት እጥፍ እና 114 ኪሎ ተጨማሪ፣ ማለትም ወደ 290 ኪሎ እንዲችል ይጠይቃል። ኮንክሪት የሆነውን ቢም ወይም ሪብ (በብሎኬቶቹ መካከል ያለውን የኮንክሪት መስመር) ፈልጋችሁ እዚያ እሰሩ። ለመብሳት ግን ተቃራኒው ነው፤ ሪብ አትንኩ፣ በብሎኬቱ በኩል እለፉ።

ለ2 ኢንች ቧንቧ የ4 ኢንች ቀዳዳ ይበሳ፤ ክፍተቱም በሲሚንቶ ሳይሆን እሳት በሚከላከል ለስላሳ መሙያ ይደፈን። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል፤ በሲሚንቶ የተቀረቀረ ቧንቧ ሕንፃው ሲወዛወዝ መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል።

ቀለም የነካው ራስ አይጸዳም፣ ይቀየራል።

ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ብልቃጡ ቀይ የሆነውን፣ በ68 ዲግሪ የሚከፈተውን ራስ ትታችሁ ቢጫውን የ79 ወይም አረንጓዴውን የ93 ግጠሙ።

ሥራው ሲያልቅ ቧንቧው በ13.8 ባር ለ2 ሰዓት በውሃ ይፈተሻል፤ ጀማሪዎች፣ በአየር አትሞክሩት፣ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ዋናው ቫልቭ ተከፍቶ በሰንሰለት ይቆለፍ። ስፕሪንክለር እሳት ተነስቶ ሳይሠራ የሚቀረው በአብዛኛው ውሃው ተዘግቶ ስለተረሳ ነውና ጥበቃው በየሳምንቱ ሄዶ ክፍት መሆኑን ይይ።